ተራራው የማን ነበር?

ባለፈው እሑድ ከቀበና ተነስተን በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ ስንወጣ፣ ልጄ ትንፋሿን ለመሰብሰብ ቆም አለችና «አባዬ፣ ይህ ተራራ መጀመሪያ የማን ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ። «የአፄ ምኒልክ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን መለስኩት፤ መልሱ ከዚያ ይረዝማላ።

ከየካ ሚካኤል በላይ ጫካው ውስጥ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ከምኒልክ በፊት እዚህ ሰው እንደነበረ ይመሰክራል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ቬኒስ ውስጥ የተሠራ ካርታ «በረራ» የምትባል የኢትዮጵያ ነገሥታት ከተማ ያሳያል፤ አንዳንድ አጥኚዎችም ቦታዋ ይኸው አካባቢ ነው ይላሉ። ከ1521ዱ የሽምብራ ኩሬ ውጊያ በኋላ ግን የኢማም አህመድ ሠራዊት በሸዋ አለፈ፤ ቤተ መንግሥቱም ቤተ ክርስቲያኑም ወደመ።

ከዚያ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ሰፈሩበት። ጉለሌ፣ ገላን፣ የካ እያልን በየቀኑ ታክሲ የምንጠራባቸው ስሞች የእነሱ ናቸው። ለብዙ ትውልድ ከብት አረቡበት፤ አረሱበት። ምኒልክ በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ የወጡት ባዶ ተራራ ላይ አልነበረም። ንጉሡ የአባቶቼ ከተማ ነው ብለው መጡ፤ ለነባሩ ገበሬ ግን መሬቱን ያጣበት ዘመን ሆነ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ነገር ግን ብርዱና የማገዶ እጦቱ አላስቀምጥ ስላለ፣ በ1879 እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውኃው አጠገብ የቆረቆሯት አዲስ አበባ ዋና ከተማ ሆነች። ማገዶውን በኋላ የመለሰው ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው።

ከዓድዋ ድል በኋላ እንግሊዝ፣ ሩሲያና ጣሊያን በእኛ ሰፈር በኩል ሰፋፊ ቅጥር ያዙ። ከእነዚህ እንግዶች አንዷ ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 በወራሪነት ተመልሳ ገባች። የየካቲት 12 ቀን 1929ኙን ጭፍጨፋ የማያውቅ የአዲስ አበባ ቤተሰብ የለም። አምስት ዓመት ቆይታ ሄደች። ዛሬ ኤምባሲዋ እንደ ማንኛውም ጎረቤት ቀበና ውስጥ አለ።

ይህን ሁሉ በልጅ አፍ አሳጥሬ ነገርኳት። በመሀል እንጨት የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል ሲወርዱ መንገድ ለቀቅንላቸው። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ታዲያ የትኛው ነው ትክክለኛው ባለቤት?» አለችኝ።

ውድ አንባብያን፣ ለዚህ ጥያቄ አንድ ስም መጥራት ይቀላል። ችግሩ በክፍሏ አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ከአያቷ የሰማችው ስም ሌላ ሊሆን መቻሉ ነው። ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ይዘው ካደጉ ነገ የሚጣሉት እኛ ባስያዝናቸው ነገር ነው። ስለዚህ ለልጄ «ሁሉም ኖረውበታል፤ አንዳንዱም ሌላውን አስለቅቆ ነው የኖረው። ይህንንም እወቂ፤ ለጓደኛሽም ንገሪያት፤ እሷ የምትነግርሽንም ስሚ» አልኳት።

የሚመጣው እሑድ ጓደኛዋንም ይዘን እንወጣለን። እናንተም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ስትወጡ ግን ታሪኩን አትቁረጡባቸው።