«ኖርማል» በማን ደም ተለካ? የጉበት ኢንዛይምን ብቻ አይቶ ለሚፈርድ አመለካከት የቀረበ ምላሽ

ሄፓታይተስ ቢ በደሙ የተገኘበት ሰው ከክሊኒክ ይዞት የሚወጣው ቃል ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ቫይረሱ አለብህ፤ ኢንዛይምህ ግን ኖርማል ነው። ጉበትህ ደህና ስለሆነ አታስብ።» ብዙዎች ይህን የሚሰሙት ምንም ሳያማቸው ነው። ዓረብ አገር ለመሄድ የጤና ምርመራ ሲያደርጉ፣ ደም ሲለግሱ ወይም የእርግዝና ክትትል ሲጀምሩ ቫይረሱ ይገኛል። ቀጥሎ ኤኤልቲ ወይም በድሮ ስሙ ኤስጂፒቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ይታያል። ቁጥሩ በላቦራቶሪው ወረቀት ላይ ከታተመው ጣሪያ በታች ከሆነ ጉዳዩ እዚያው ይዘጋል። ይህን የሚያምነው ታካሚው ብቻ አይደለም፤ ባለሙያዎችም ዘንድ ሥር ሰድዷል። ምላሼ የሚቀርበው ለዚህ እምነት ነው። (የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክርክሬ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ ኤኤልቲ የሚናገረው ስለ ሰሞኑ ነው፤ ስላለፉት ዓመታትም ሆነ ስለሚመጡት እንዲመሰክር ማድረግ ካቅሙ በላይ መጫን ነው። ሁለተኛ፣ «ኖርማል» የምንለው ወሰን በአብዛኛው በሌላ ሕዝብ ደም፣ ለሌላ ጥያቄ የተሰመረ ነው። ማን ላይ እንደተለካ ሳንጠይቅ ስንዋሰው፣ ሕክምና የሚያስፈልገውን ሰው የገዛ ወረቀቱን አስይዘን ወደ ቤቱ እንሸኘዋለን።

አስቀድሜ የተቃራኒው ወገን እውነት የያዘበትን ልመስክር። ኤኤልቲ ርካሽ ነው፤ ከትልልቅ ከተሞች ርቀው ባሉ ሆስፒታሎችም ይሠራል። ከፍ ብሎ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ የጉበት ሕዋሳት እየተጎዱ ነው ማለት ነው። ኢንዛይማቸው ለዓመታት ዝቅ ብሎ፣ የቫይረሱም መጠን አነስተኛ ሆኖ፣ ያለ መድኃኒት በሰላም የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ቫይረሱ ያለበት ሁሉ መድኃኒት ይጀምር እያልኩ አይደለም። ስለ ሄፓታይተስ ቢ ለመፍረድ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ ጉበቱ አሁን እየተጎዳ ነው ወይ፣ ቫይረሱ ምን ያህል ነው፣ እስካሁን ምን ያህል ጠባሳ ተከማችቷል? ኤኤልቲ የመጀመሪያውን ይመልሳል። ስህተቱ የሚጀምረው የቀሩትን ሁለቱንም እንደመለሰ ሲቆጠር ነው።

ኢንዛይሙ የሚኖረው በጉበት ሕዋስ ውስጥ ነው። ሕዋሱ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳል፤ በደም ውስጥም ብዙ አይቆይም፣ በሁለት ቀን ገደማ ግማሹ ይጠፋል። ዛሬ የተቀዳ ደም የሚያሳየው እንግዲህ የሰሞኑን ጉዳት ነው። ጠባሳ ግን በዓመታት፣ እንዲያውም በአሥርት ዓመታት የሚጠራቀም ነው። ቫይረሱ አንዴ እየተነሣ አንዴ እየተኛ ጉበቱን ሲያቆስልበት የኖረ ሰው፣ ደሙ የተቀዳው ቫይረሱ በተኛበት ሰሞን ከሆነ ወረቀቱ ኖርማል ይላል። የጠባሳው ከባድ ደረጃ የሆነው ሲሮሲስ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ኢንዛይም የሚያፈስሰው ጤነኛ ሕዋስ ራሱ ስለሚመናመን ቁጥሩ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። በዚያ ደረጃ ስለ ጉበቱ አቅም የሚናገሩት አልቡሚን፣ ቢሊሩቢንና የደም መርጋት ምርመራ ናቸው።

ስለሚመጣው ጊዜስ? በታይዋን ቫይረሱ ያለባቸውን 3,653 ሰዎች ከአሥር ዓመት በላይ የተከታተለና ውጤቱ በ2006 የታተመ ጥናት አለ። ጥናቱ ሲጀመር የቫይረሱ መጠን እጅግ ዝቅተኛ ከነበረባቸው መካከል የጉበት ካንሰር የያዛቸው 1.3 በመቶ ሲሆኑ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም አንድ ሚሊዮን ቅጂና ከዚያ በላይ ከነበረባቸው ግን 14.9 በመቶ ነበሩ። ለክርክሬ ይበልጥ የሚጠቅመው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። የቫይረሱ መጠንና የካንሰሩ ዝምድና ጎልቶ የታየው ሲሮሲስ ባልነበረባቸው፣ ቫይረሱ በብዛት እየተባዛ መሆኑን የሚጠቁመው ኤችቢኢ አንቲጅን ባልተገኘባቸውና ኤኤልቲያቸው ኖርማል በነበረ ሰዎች ላይ ነው። «አታስብ» ተብለው የሚሸኙት ደግሞ እነዚሁ ናቸው።

እዚህ ላይ ራሴም በምወቅሰው ስህተት እንዳልወድቅ አንድ ነገር ልጨምር። የታይዋንን በመቶኛ እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ መገልበጥ አይገባም። በዚያ ቫይረሱ በብዛት ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ የሚተላለፍ ነበር፤ የሚበዙትም ቢ እና ሲ የሚባሉት የቫይረሱ ዝርያዎች ናቸው። በእኛ ዘንድ የሚያመዝኑት ኤ እና ዲ ናቸው። ከጥናቱ የምወስደው አመክንዮውን ነው፦ ኖርማል ኢንዛይም ያላቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው እኩል አደጋ ላይ አይደሉም፤ የሚለያቸውንም ኢንዛይሙ አያሳየንም።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ። በሰው ቁና የሰፈረ ሰው ስንት ቁና እንዳለው እንጂ ስንት እህል እንዳለው እርግጠኛ ሊሆን አይችልም፤ የ«ኖርማል» ወሰንም እንዲሁ ነው። ብዙ ላቦራቶሪዎች ለወንድ በሊትር 40 ዩኒት ገደማ ብለው የሚያትሙት የኤኤልቲ ጣሪያ የመጣው ጤነኛ ናቸው ከተባሉ ሰዎች ደም ነው። ሆኖም የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ራሱ ተለይቶ የታወቀው በ1989 ነው። ከዚያ በፊት «ጤነኛ» ተብለው ከተለኩት መካከል ይህ ቫይረስ ያለባቸው፣ ጉበታቸው ስብ የያዘም ነበሩ። በ2002 የሚላኖ ተመራማሪዎች ከ6 ሺህ በላይ ደም ለጋሾችን መዝግበው፣ ከመጠን በላይ ውፍረት ያላቸውን፣ ስኳራቸው ወይም የደም ስባቸው የተዛባውን፣ ቫይረስ ያለባቸውን ሁሉ አውጥተው ወሰኑን እንደገና አሰሉት። ለወንድ 30፣ ለሴት 19 ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ለሄፓታይተስ ቢ የሚጠቀምበት ወሰን ይኸው ነው። በእኛ አገር ኤኤልቲዋ 33 የሆነ ሴት «ከ40 በታች» የሚል ወረቀት ይዛ ስትወጣ፣ በዚህ መሥፈርት ከወሰኑ እጅግ ያለፈች ናት። ጉበቷ አንድ ነው፤ የተለያየው ጣሪያው ነው።

የጠባሳ መለኪያውም ታሪክ ከዚህ አይለይም። ከጉበት ቁራጭ ወስዶ መመርመር (ባዮፕሲ) በማይቻልበት ቦታ ኤፕሪ የሚባል ቀላል ስሌት አለ። ኤኤስቲ የሚባለው ሁለተኛው ኢንዛይም በላቦራቶሪው ጣሪያ ይካፈላል፣ በ100 ይባዛል፣ ከዚያ በሺህ በተቆጠረ የፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሕዋስ) ብዛት ይካፈላል። ስሌቱን በ2003 ያወጡት በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው፤ የለኩትም የሄፓታይተስ ሲ ሕሙማንን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ይህንኑ ስሌት ለሄፓታይተስ ቢ ወስዶ፣ ከ2 በላይ የሆነ ሲሮሲስ አለበት ተብሎ እንዲታከም መከረ። ሲሮሲስ የሌለበት ደግሞ እንዲታከም ዕድሜው ከ30 በላይ፣ ኤኤልቲው በተደጋጋሚ የተዛባ፣ ቫይረሱም በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ20,000 ዩኒት በላይ መሆን ነበረበት። በመጋቢት 2024 በወጣው መመሪያ የዕድሜው ቅድመ ሁኔታ ቀረ፤ የቫይረሱ ወሰን ወደ 2,000 ወረደ፤ የሲሮሲስ ወሰን ከ2 ወደ 1 ወረደ፤ ኤፕሪው ከ0.5 ያለፈ ሰው ከፍ ያለ ጠባሳ እንዳለበት ተቆጥሮ ለሕክምና ይታጭ ተባለ።

በቁጥር እንየው። ኤኤስቲው 48፣ የላቦራቶሪው ጣሪያ 40፣ ፕላትሌቱ 150 ሺህ የሆነ ታካሚ ቢኖር፣ 48 ለ40 ሲካፈል 1.2፣ በ100 ሲባዛ 120፣ ለ150 ሲካፈል 0.8 ይሆናል። በ2015 በዚህ ቁጥር ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በ2024 መድኃኒት ይታዘዝለታል። ጣሪያውን 32 አድርጎ የሚያትም ሌላ ላቦራቶሪ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ያው ደም 1.0 ይሆን ነበር፤ የሲሮሲስ ደጃፍ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ መካከል የታካሚው ጉበት ቅንጣት አልተለወጠም።

ለወሰኑ መውረድ ከአፍሪካ የወጣ መረጃ፣ ከኢትዮጵያም ጭምር፣ ድርሻ ነበረው። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና መርሐ ግብር ተጀምሮ ነበር። ከኢትዮጵያ ሕሙማን የተገኘውና በ2019 የታተመው ትንተና የ2015ቱ መሥፈርት ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ግማሽ ያህሉን ሳያይ እንደሚያልፍ አሳየ። «ያስፈልጋቸዋል» የሚለው ራሱ የተወሰነው በአውሮፓ የጉበት ማኅበር መመሪያ በመሆኑ፣ መለኪያችንን የመረመርነው በሌላ የተዋስነው መለኪያ ነው ብሎ መተቸት ይቻላል። ትችቱ ትክክል ነው፤ ክርክሬንም ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ሕሙማኑ እዚሁ ባይለኩ ኖሮ ግን ስህተቱን ማን ያውቀው ነበር?

መለኪያው በሌላውም አቅጣጫ ሊስት ይችላል። ፕላትሌት በሲሮሲስ የሚቀንሰው አንዱ ምክንያት ጣፊያ አብጦ ስለሚያስቀረው ነው። በእኛ አገር ግን ጣፊያ የሚያሳብጥ ብዙ ነገር አለ፦ ወባ፣ ካላዛር፣ ቢልሃርዚያ። ቢልሃርዚያ በጉበት ደም ሥሮች ዙሪያ የራሱን ጠባሳ ይተክላል፤ የጉበቱ ሕዋሳት ግን ለረጅም ጊዜ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ኤኤስቲ ደግሞ ከጡንቻና ከቀይ የደም ሕዋስም ይወጣል፤ ከባድ የጉልበት ሥራ ወይም በአቀዳድ ጉድለት የተበላሸ ደም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። የሚሺጋኑ ስሌት ይህን ሁሉ ከሒሳብ አላስገባም፤ እንዲያስገባም አልተጠየቀም።

ለጉበት በሽታ የሚያጋልጡ ነገሮችም በተዋስነው ዝርዝር ብቻ አይገኙም። ሐረር ውስጥ በሁለት የመንግሥት ሆስፒታሎች 150 የጉበት ሕሙማንን ከ300 ሌሎች ጋር ያነጻጸረና በ2018 የታተመ ጥናት፣ ጫት በብዛትና ለረጅም ጊዜ በቃሙ ወንዶች ላይ የሥር ሰደድ ጉበት በሽታ ዕድል እንደሚጨምር አግኝቷል። እንዲህ ያለ ንጽጽር ብቻውን ምክንያትና ውጤትን አያረጋግጥም። ቢሆንም በኢትዮጵያ የሥር ሰደድ ጉበት ሕሙማን ግማሽ ያህሉ መነሻቸው ሳይታወቅ በሚቀርበት ሁኔታ፣ ሊታለፍ የማይገባ ፍንጭ ነው። በሰሜን ምዕራብ ትግራይም ከ2001 ጀምሮ መንደሮችን ያጠቃው የጉበት በሽታ መጀመሪያ ተላላፊ መስሎ ነበር፤ በኋላ የተደረሰበት ከእህል ጋር የሚቀላቀል አረም የያዘው መርዝ ነው። ኢንዛይሙን ብቻ አይቶ የሚሸኝ ባለሙያ ስለ ጫቱም ስለ እህሉም አይጠይቅም፤ ቁጥሩ ጥያቄውን ዘግቶበታልና።

የሚጠበቀው መልስ ይታወቀኛል፦ «የቫይረሱን መጠን የሚለካው ቫይራል ሎድ ውድ ነው፤ የጉበትን ጠባሳ የሚለካው ፋይብሮስካን ያለው በጥቂት ቦታ ነው፤ ወሰኑን ዝቅ ካደረግነው ደግሞ መድኃኒት የማያስፈልገውን ሰው ዕድሜ ልኩን ቴኖፎቪር እናስውጠዋለን።» የመጨረሻው ስጋት ቀላል አይደለም። ቴኖፎቪር በአንዳንዱ ሰው ላይ ኩላሊትንና አጥንትን ይነካል፤ ጀምሮ ያለ ክትትል ማቋረጥም ቫይረሱን በኃይል ሊያስነሣው ይችላል። በ2015 ከፍ ያለ ወሰን የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ይኸው ጥንቃቄ ነበር። ግን ስጋቱ መልስ የሚሆነው «ሁሉም ይታከም» ለሚል ሰው ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ፕላትሌት በተለመደው የደም ሕዋሳት ቆጠራ (ሲቢሲ) ውስጥ አለ፤ ኤኤስቲ ከኤኤልቲ ጋር አብሮ ይታዘዛል፤ ስሌቱ የስልክ ካልኩሌተር ይበቃዋል። የ2024ቱ መመሪያም ቫይራል ሎድ በማይገኝበት ቦታ በተደጋጋሚ የተዛባ ኤኤልቲ ብቻውን ለሕክምና ያበቃል ይላል፤ በቤተሰቡ የጉበት ካንሰር ወይም ሲሮሲስ ያለበትንም ኢንዛይሙ ምንም ይሁን ምን ለሕክምና ያጨዋል። ልብ በሉ፦ የተዛባ ኢንዛይም ሕክምና ለመጀመር ይበቃል፤ ኖርማል ኢንዛይም ግን ሕክምና ለመከልከል የሚበቃበት ቦታ የለም። የተስፋፋው አመለካከት ይህን ሚዛን ገልብጦታል።

ስለዚህ የምጠይቀው ከአቅም በላይ አይደለም። ላቦራቶሪዎች የሚያትሙት የኤኤልቲ ጣሪያ ለወንድና ለሴት ይለይ፤ 30 እና 19 ቢያንስ ጎን ለጎን ይታተሙ። የቤተሰብ ታሪክ፣ ጫት፣ መጠጥና የባህል መድኃኒት ከደሙ በፊት ይጠየቁ። አንድ ወረቀት ፍርድ አይሁን፤ ምርመራው በየስድስት ወሩ ይደገም። ተመራማሪዎቻችን ደግሞ ዕድሜ፣ ጣፊያና ቢልሃርዚያን ከሒሳብ ያስገባ ወሰን ከራሳችን ሕሙማን ያውጡልን፤ መዝገቡ አለ፣ ሕሙማኑም ለዓመታት ክትትል አድርገዋል። ክትባቱ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2007 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው ጎልማሳ በሕፃንነቱ አልተከተበም፤ ይህ ምርመራም ገና ይጠብቀዋል። ያ ጎልማሳ ከክሊኒክ ይዞ መውጣት ያለበት ቃልም «ጉበትህ ደህና ነው» የሚለው አይደለም። «ኢንዛይምህ ዛሬ ከወሰኑ በታች ነው፤ ፕላትሌትህን አስልተን ጠባሳውን ገምተናል፤ ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ» የሚለው ነው።