የአባ ደብተር

ባደግኩበት የደቡብ ቁምስና ሁላችንም የምንወዳቸው አባ ካረፉ ወራት ተቆጠሩ። አርባቸው ወጥቷል፣ አዲስ ቆሞስ ተመድቧል፣ ቅዳሴውም አልተስተጓጎለም። ቤተ ክርስቲያን ካህን ሲሞትባት ምን እንደምታደርግ ታውቃለች። የከበደን ሌላ ነገር ነው።

አባ አቅም ለሌላቸው ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ይከፍሉ ነበር። ከየት? አውሮፓ ካሉ ወዳጆቻቸው። የማን ልጅ፣ ስንት ብር፣ እስከ ስንተኛ ክፍል የሚለው ግማሹ ደብተራቸው ላይ፣ ግማሹ ጭንቅላታቸው ውስጥ ነበር። ወዳጆቹ የሚያውቁት እሳቸውን እንጂ ቁምስናውን አይደለም። አሁን እናቶች አዲሱን አባ ደጅ ይጠናሉ፤ እሳቸው ደግሞ ባልገቡት ቃል ይጠየቃሉ። ከዚያ «አባ ቢኖሩ ኖሮ» ይባላል። ይሄ ግፍ ነው።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ እኔ የሚታየኝ የአሠራር ጉድለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው፣ የእኛም ቁምስና የሚመራበት የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና፣ በቁጥር 537 እያንዳንዱ ቁምስና የገንዘብ ጉዳይ ምክር ቤት እንዲኖረው ያዛል። በአስተዳደሩ ቆሞሱን የሚያግዙት ምእመናን ናቸው። እኛ ጋ ስሙ አለ፤ ስብሰባው ግን አባ «ለእኔ ተዉት» ሲሉ ያበቃ ነበር። ማን ይከራከራቸዋል? እንወዳቸው ነበራ!

አሁን ሐውልት እናሠራላቸው ተብሎ መዋጮ ተጀምሯል። እኔ የምለው፣ ብሩ መጀመሪያ ዘንድሮ መመዝገቢያ ላጡት ልጆች ይዋል፤ ስም ዝርዝሩንም ምክር ቤቱ ይያዘው። ሐውልቱ ለከርሞ ይደርሳል።