የሸክላ ሥራ የጥበብ ሥራ አይደለምን?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ ሸክላ ሥራ ጥቂት አሳብ ለመግለጽ ስለ ፈለግሁ፣ ይህችን አጭር ጽሑፍ በአንባቢያን አስተያየት ዐምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። የምጽፈውም ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ለመናዘዝ ነው።

በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዓመቱ መጨረሻ የተማሪዎች የእጅ ሥራ ትርኢት ተደርጎ ነበር። እኔም ከዳኞቹ አንዱ ነበርሁ። ከቀረቡት ሥራዎች መካከል አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ያመጣችው፣ ከጭቃ ተሠርቶ በእሳት የተተኰሰ፣ የምጣድ አክንባሎ የሚያህል ሰሌዳ ነበር። በሰሌዳው ላይ የጀበና አንገት፣ የሲኒ ስባሪ፣ የዛገ የበር ቁልፍና አሮጌ የኮት አዝራሮች ተለጥፈውበታል። በመካከሉም የአንዲት አሮጊት ጉርድ ፎቶግራፍ በመስተዋት ተሸፍኖ ተቀምጧል። ሌሎቹ ዳኞች ሲያመነቱ እኔ፣ «ሥዕል ከሆነ ሥዕል ይሁን፤ ሸክላም ከሆነ ሸክላ ይሁን፤ ይህ ግን ቅራቅንቦ ነው» ብዬ ከውድድሩ አስወጣሁት።

በማግሥቱ ልጅቱን ጠርቼ ፎቶግራፉ የማን እንደ ሆነ ጠየቅኋት። አንገቷን ደፍታ፣ «አያቴ ናት መምህር። ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ እናቴም ሸክላ ሠሪ ናት። ቁልፉም አያቴ ገበያ ስትሄድ ቤቷን የምትዘጋበት ነው። ለክፍል ጓደኞቼ ነግሬያቸው አላውቅም፤ በዚህ ልነግራቸው አስቤ ነበር» አለችኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ።

እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ የተሰቀሉት ሥዕሎች ሁሉ በክፈፍ የተከበቡ ስለ ነበሩ፣ ጥበብ ማለት ክፈፍ ውስጥ የገባ ነገር ብቻ መስሎኝ ኖሬአለሁ። ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት መላኩን በቃሌ ያጠናሁ ሰው ስሆን፣ ራሴ ግን ከሸክላ ሠሪ ቤት ገብቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ስመረምር፣ ልጅቱ ማንም ሳያስተምራት የደረሰችበት ሥራ በሌላው ዓለም የታወቀ ሆኖ አገኘሁት። ፎቶግራፍን በሸክላ ላይ በእሳት ማተም አዲስ ነገር አይደለም፤ ሁለት ፈረንሳውያን ለዚሁ ዘዴ የባለቤትነት መብት ያወጡት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1854 ነው። በመቃብር ሐውልት ላይ የምናያቸው በሸክላ የታተሙ ፎቶግራፎች የዚያ ዘር ናቸው። አሜሪካዊው ሮበርት ራውሸንበርግ በ1950ዎቹ የተጣሉ ዕቃዎችን ከሥዕል ጋር ማጣመር ጀመረ፤ ከ1955 እስከ 1959 በሠራው በአንዱ ሥራው ቆዳዋ ተሞልቶ የተሰናዳ ፍየል የመኪና ጎማ ታጥቃ ቆማለች። በ1982ም ጃፓን አገር ወደምትገኘው ወደ ጥንታዊቱ የሸክላ ከተማ ወደ ሺጋራኪ ሄዶ፣ ፎቶግራፎችን በሸክላ ሰሌዳ ላይ አትሞ በእሳት አስተኵሷል። እንግሊዛዊው ግሬሰን ፔሪ ደግሞ ፎቶግራፍ ባተመባቸው የሸክላ ማሰሮዎቹ ታውቆ በ2003 ተርነር የሚባለውን ትልቅ የሥዕል ሽልማት ተቀብሏል።

የአሠራሩም ዘዴ ቢሆን ከአቅማችን በላይ አይደለም። የአንዳንድ ማተሚያ መሣሪያዎች ጥቁር ዱቄት በውስጡ የብረት ዝገት አለበት። ፎቶግራፉ በዚህ ዱቄት በልዩ ወረቀት ላይ ይታተማል፤ ወረቀቱ በውሃ ሲነከር ሥዕሉ ተላቆ በተለበጠው ሸክላ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያም ወደ አንድ ሺህ ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ ይተኰሳል። ጥቁሩ ተቃጥሎ ሲጠፋ ብረቱ ይቀርና ፎቶግራፉ ቡናማ ሆኖ ከሸክላው ጋር ይዋሐዳል። ከተጣሉ ዕቃዎችም እሳት የሚችለውና የማይችለው መለየት አለበት፤ ጠርሙስ ይቀልጣል፣ ፕላስቲክ ይነዳል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ከተተኰሰ በኋላ ይያያዛል። ይህ ሁሉ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ትምህርት እንጂ ጨዋታ አይደለም።

«እንግዲያውስ ቅራቅንቦ ያጣበቀ ሁሉ ጥበበኛ ሊባል ነውን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አይደለም። መለኪያው ዕቃው ከቦታው ቢነሣ የሚጐድል ነገር መኖሩ ነው። ከልጅቱ ሰሌዳ ላይ ያ የዛገ ቁልፍ ቢነሣ የአንዲት ሴት ዕድሜ ይጐድላል። እኔ ግን ሳልጠይቅ ፈረድሁ።

በአገራችንም ቢሆን አርአያ አላጣንም። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የሚገዛቸውን አዝራሮችና የተጣሉ የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች እየሰፋና እየገጣጠመ የሚሠራቸው ሥራዎች በውጭ አገር ሙዚየሞች ይታያሉ። ከወይዘሮ መስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ ያቋቋመው፣ በጭቃና በጭድ የታነጸው የዞማ ሙዚየም በ2019 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ተከፍቷል። የጐደለን ሰው ሳይሆን አመለካከት ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የእጅ ሙያተኛን የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በከተማ ትምህርት ቤት የምትማር ልጅ የእናቷን ሙያ የምትደብቅ ከሆነ ዐዋጁ ከወረቀት ወደ ልባችን አልገባም ማለት ነው። ገንፎውን በሸክላ ድስት፣ ቡናውን በጀበና፣ እንጀራውን በምጣድ እያበሰልን ምጣድ ሠሪዋን መናቃችን ምን ይባላል?

ስለዚህ እኛ በየመሥሪያ ቤቱ ያለን የመንግሥት ሠራተኞች ልናደርገው የምንችለው አለ። የትምህርት ሹማምንት በየትምህርት ቤቱ ትርኢት ለሸክላ ሥራ ራሱን የቻለ ክፍል ቢያደርጉለት፤ ጥቂት ትምህርት ቤቶች በጋራ የሚጠቀሙበት አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ቢገዛ፤ ከቀጨኔና ከሌላውም ሰፈር ሸክላ ሠሪ እናቶች ተገቢው አበል እየተከፈላቸው በአስተማሪነት ቢጋበዙ መልካም ይመስለኛል። ወጪው ብዙ ነው የሚለኝ ቢኖር፣ የመጨረሻውን ብቻ ያድርግ። በየመሥሪያ ቤታችንም ለእንግዳ ስጦታ ስንገዛ ከውጭ የመጣውን ብልጭልጭ ትተን ይህን ብናስብ አገር አይጐዳም።

ልጅቱን ይቅርታ ጠይቄ ሥራዋን መልሳ እንድታመጣልኝ ለምኛታለሁ። እስካሁን አላመጣችውም። አልፈርድባትም፤ አንድ ጊዜ ፈርጄባታለሁና።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር፤ ከአዲስ አበባ