የዲኤንኤስ ደኅንነትና ቅልጥፍና
የዶሜን ስም ሥርዓት፣ ባጭሩ ዲኤንኤስ፣ ሰዎች የሚያስታውሷቸውን የድረ ገጽ ስሞች ኮምፒዩተሮች ወደሚጠቀሙባቸው የአይፒ አድራሻዎች የሚተረጉም የኢንተርኔት መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በፖል ሞካፔትሪስ ሲነደፍ የመልሱ ላኪ ማን እንደሆነ የሚረጋገጥበት መንገድ አልተበጀለትም።

የዚህ ክፍተት አደገኛነት ጎልቶ የወጣው በ2008 ዳን ካሚንስኪ የተባለ የደኅንነት ተመራማሪ ሐሰተኛ መልስ በፍጥነት ማስገባት እንደሚቻል ባሳየ ጊዜ ነው። ጠያቂው ሰርቨር ከጥያቄው ጋር ቁጥር ይልካል፤ መልሱም ያንኑ ቁጥር ይዞ መመለስ አለበት። ቁጥሩ ግን ከ65,536 አማራጮች አንዱ ብቻ ነው። አጥቂው የሌሉ ስሞችን እየቀያየረ በማስጠየቅ ደጋግሞ መገመት ይችላል። አንዴ ከተሳካለት የባንኩን ስም አንድም ፊደል ሳይስት የጻፈ ደንበኛ እንኳ ወደ አጥቂው ገጽ ሊወሰድ ይችላል። በወቅቱ የተወሰደው እርምጃ ጥያቄው የሚወጣበትን የፖርት ቁጥርም በዘፈቀደ መቀያየር ነበር፤ ይህ ግምቱን አከበደው እንጂ የመልሱን ምንጭ አላረጋገጠም።

ምንጩን የሚያረጋግጠው ዲኤንኤስሴክ ነው። በዚህ ዘዴ መልሱ ዲጂታል ፊርማ ይኖረዋል፤ ለፊርማው ቁልፍ ደግሞ ከበላዩ ያለው ደረጃ ይመሰክርለታል፤ ምስክርነቱ እስከ ሥሩ ይደርሳል። የሥሩ ዞን የተፈረመው በ2010 ነው። ፊርማ መልሱን አይደብቅም (ብዙዎች ይህን ያምታታሉ)፤ ጥያቄና መልስን ከተመልካች የሚሰውሩት እንደ ዲኤንኤስ በኤችቲቲፒኤስ ያሉ ሌሎች ዘዴዎች ናቸው።

ዋጋው መጠን ነው። የመጀመሪያው ዲኤንኤስ በዩዲፒ የሚልከው መልስ ከ512 ባይት አይበልጥም ነበር። ባለ 2048 ቢት የአርኤስኤ ፊርማ ብቻውን 256 ባይት ይወስዳል። ትልቅ መልስ በመንገድ ላይ ሊቆራረጥ ይችላል፤ አጥቂዎችም በሌላ ሰው አድራሻ ትንሽ ጥያቄ ልከው ትልቁን መልስ በዚያ ሰው ላይ ያዘንባሉ። ወደ ኢሲዲኤስኤ መቀየር ፊርማውን ወደ 64 ባይት ስለሚያወርደው እዚህ ላይ ደኅንነትና ቅልጥፍና አልተጣሉም።

ቁልፍ መቀየርም ቀላል አይደለም። የሥሩን ዋና ቁልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመቀየር የታቀደው በኦክቶበር 2017 ነበር፤ አንዳንድ ሰርቨሮች አዲሱን ቁልፍ እንዳልያዙ ምልክት በመታየቱ ለአንድ ዓመት ተራዝሞ ኦክቶበር 11 ቀን 2018 ተፈጸመ።

ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ገና ነው። የኳንተም ኮምፒዩተርን ይቋቋማል ተብሎ በ2024 በአሜሪካ ደረጃ ከወጣላቸው ፊርማዎች አንዱ፣ ኤምኤል-ዲኤስኤ፣ በትንሹ ልኩ 2,420 ባይት ነው። ለዩዲፒ መልስ ዛሬ የሚመከረው ወሰን ግን 1,232 ባይት ነው።