ደከመኝ ስትል፣ ደከመኝ ሲል

በየቤታችን «ደከመኝ» የምትለው ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምትነገር የሚቆጥር የለም። እናት ስትለው «አረፍ በይ» እንላታለን፤ ሳታርፍም ራት ታቀርባለች። አባት ሲለው ሥራ በዝቶበት ነው እንላለን። ብዙ ጊዜም እውነት ነው፤ ተኝተው ሲነሡ ይለቃቸዋል። በዚህ ወር ላወራችሁ የፈለግሁት ግን ተኝተው ቢነሡም ስለማይለቅ ድካም ነው።

ሐኪሞች ማዮሳይቲስ ይሉታል፤ የጡንቻ መቆጣት ማለት ነው። የሰውነታችን መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ጡንቻችንን ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በብዛት የሚታይም አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከትከሻ፣ ከዳሌና ከጭን ጀምሮ በሳምንታትና በወራት እየባሰ ይሄዳል። ውጋት ላይኖረው ይችላል፤ ዋናው ምልክቱ ጉልበት ማጣት ነው። ቆዳንም የሚነካው ደርማቶማዮሳይቲስ የተባለው ዓይነት በሴቶች ላይ ሁለት እጥፍ ያህል ይበዛል። ኢንክሉዥን ቦዲ ማዮሳይቲስ የሚባለው ደግሞ በአብዛኛው ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶችን ይይዛል።

እኔ የገበያ ባለሙያ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ሙያዬ ያስተማረኝ አንድ ነገር ግን እዚህም ይሠራል፤ ሰው የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው። ለዚህ ሕመም የተለመደው ጥያቄ «ደረጃ መውጣት ያስቸግርዎታል?» የሚል ነው። ጎንደር ፒያሳ ፎቅ ላይ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ጥያቄ ነው። ዳባት ወይም ደባርቅ ደረጃ በሌለው ቤት ለምትኖር እናት ግን «ኧረ ደኅና ነኝ» ከማሰኘት አያልፍም።

ጥያቄውን ወደ ውሏችን እናምጣው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ 20 ኪሎ ነው፤ እሱን ማንሣት ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አቃታት? እንጀራ ስትጋግር ክንዷ ቶሎ ይዝላል? የልጇን ሹሩባ ስትሠራ እጇን ደጋግማ ታወርዳለች? ከበርጩማ ስትነሣ መሬት ትደገፋለች? እሱስ ቀንበሩን ወደ በሬዎቹ ጫንቃ ማንሣት፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ መጣል ከበደው? ሜዳ ላይ ጉልበቱ እየከዳው ይወድቃል? የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አስቸገረው? ሁለቱስ ከስግደት ወይም ከመጸዳጃ ቤት ለመነሣት ግድግዳ ይይዛሉ?

ሕመሙ አንድ ሆኖ የሚደበቅበት ቦታ የተለያየ ነው። የእሱ ጉልበት ሲጠፋ እርሻው ያድራል፣ ባጃጁ ይቆማል፤ ቤተሰቡ ወዲያው ያውቃል። እሱ ግን «ዕድሜ ነው»፣ «ብርድ ነው» እያለ ይከርማል፤ አቃተኝ ማለት ለወንድ ነውር ይመስለዋል። የእሷ ጉልበት ሲጠፋ ጀሪካኑን ትልቋ ልጅ ትሸከማለች፣ ሊጡን ጎረቤት ትጋግርላታለች፤ ቤቱ እንደ ቀድሞው ስለሚቀጥል የጎደለውን የሚያይ የለም። ከተማ ያለችውም ከቢሮ መልስ ሁለተኛ ሥራዋ ወጥ ቤት ስለሚጠብቃት ድካሟ የሁለት ሥራ ድካም ተብሎ ይታለፋል።

ቆዳ ላይ ሲወጣም እንዲሁ ነው። ደርማቶማዮሳይቲስ የዓይን ቆብን ያጠቁራል፣ ያሳብጣል፤ በጣት አንጓዎች ላይ ሻካራ እብጠት ያወጣል፤ ነጠላ በሚያርፍበት አንገትና ትከሻ ላይም ይታያል። በእኛ ቆዳ ላይ ቀይ ሳይሆን ጠቆር ወይም ሐምራዊ ስለሚመስል፣ ሴቷ ላይ ሲታይ «ማድያት ነው» ተብሎ ክሬም ይገዛል፤ ወይም «ምች መትቷት ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል። ፀሐይ ያባብሰዋል። የሰሜን ጎንደር ደጋ ብርዱ አያታልላችሁ፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር የፀሐይ ጨረር ይበረታል። ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለወንዱም ለሴቷም ያስፈልጋሉ።

ምርመራው የሚጀምረው ክሬያቲን ካይኔዝ በሚባል የደም ምርመራ ነው። ጡንቻ ሲጎዳ መጠኑ ከፍ ይላል። ጤነኛ ወንዶች በተፈጥሮ ከሴቶች ከፍ ያለ መጠን ስላላቸው አንዱ ቁጥር ለሁለቱ እኩል ትርጉም የለውም። በጉበት ምርመራ የሚታዩ አንዳንድ ቁጥሮችም ከተጎዳ ጡንቻ ሊመጡ ይችላሉ። ስለዚህ «ጉበትህ ነው» የተባለ ሰው ጉልበት እያጣ ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገር። በአዋቂዎች ላይ ደርማቶማዮሳይቲስ አንዳንዴ ከካንሰር ጋር ስለሚመጣ ተጨማሪ ምርመራ ቢታዘዝ አትደንግጡ።

ሕክምናው ብዙውን ጊዜ በፕሬድኒሶሎን ይጀመራል፤ ሜቶትሬክሴት ወይም አዛታዮፕሪንም ይጨመራል። ብዙዎች ይሻላቸዋል፤ አረጋውያን ወንዶችን የሚይዘው ዓይነት ግን ለእነዚህ መድኃኒቶች እምብዛም አይመልስም፤ ለእሱ ዋናው ድጋፍ እንቅስቃሴና ከመውደቅ መጠበቅ ነው። ፕሬድኒሶሎን ፊትን ያሳብጣል፣ ክብደት ይጨምራል። «ወፈርሽ፣ ተመቸሽ» የሚል የሰፈር ወሬ የሰለቻት ሴት ክኒኑን በድንገት ብታቆም ለሕይወቷ ያሰጋታል። አጥንትንም ስለሚያሳሳ የወር አበባቸው የተቋረጠ እናቶች ይበልጥ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። ሜቶትሬክሴት ፅንስን ስለሚጎዳ ለማርገዝ ያሰበች ሴት አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር ትነጋገር። ፀበል የሚሄድም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። በባለሙያ የሚመራ እንቅስቃሴም ጡንቻን ያበረታል እንጂ አይጎዳም። መዋጥ ካስቸገረ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው።

ጎንደር ለዚህ ባዳ ከተማ አይደለችም። በ1947 ዓ.ም የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ተቋም ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችንም ያሠለጥናል። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱን የሚያረዝመው ግን ኪሎ ሜትሩ ብቻ አይደለም። ባል ሲታመም አስታማሚዋ ሚስት ናት፤ ስንቁን ይዛ አብራው ትሄዳለች። ሚስት ስትታመም ግን ልጆቹን ማን ያያል፣ ማን ይጋግራል ሲባል ቀጠሮው «ከመኸር በኋላ»፣ «ከበዓሉ በኋላ» እየተባለ ይገፋል። በዚህ መሀል የሳሳ ጡንቻ ደግሞ ሁሌ ወደ ነበረበት አይመለስም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አንዳንዱ በሽታ ግን ባለቤቱ ሳይደብቀው እኛ ሳንጠይቅ ስለምንቀር ይደበቃል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት «ደኅና ናችሁ?» ከማለት ይልቅ «ከወር በፊት ታነሡት የነበረ፣ አሁን ያቃታችሁ ነገር አለ?» ብላችሁ እናትንም አባትንም ጠይቁ። መልሱ «አዎ» ከሆነ የሐኪም ቀን ቁረጡ፤ በዚያው ቀን ልጆቹን ማን እንደሚይዝና እንጀራውን ማን እንደሚጋግርም አብራችሁ ወስኑ።