የቀፎ ጥንዚዛን በደቦ እንመክት

ንብ አናቢዎች ሆይ! ክረምቱ ሳይገባ፣ አፈሩ ሳይርስ፣ በየጎጡ ደቦ ጠርተን ቀፎዎቻችንን እንፈትሽ። የምንፈልገው ከ5 እስከ 7 ሚሊሜትር የሚረዝም፣ ወደ ጥቁር ያደላ ቡናማ ጥንዚዛ ነው። ብዙዎቻችን ክዳን ስንከፍት ከብርሃን ሲሸሽ እያየነው እንተወዋለን። ከእንግዲህ መተው የለብንም።

እናቲቱ በቀፎው ስንጥቅና እጭ ባለበት እንጀራ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ በዕድሜዋ ሺህ ያህል ልትጥል ትችላለች። በጥቂት ቀናት የሚፈለፈለው ትል ማሩን፣ የአበባ ዱቄቱንና የንቧን እጭ ይበላል። ከበላው ይልቅ ያበላሸው ይብሳል፤ ኩሱ ማሩን ያቦካዋል፣ ማሩ አረፋ እየደፈቀ ከእንጀራው ይፈሳል፣ የበሰበሰ ብርቱካን ይሸታል። ትሉ ሲጠግብ ቀፎውን ለቆ መሬት ይገባል። አብዛኛው ከቀፎው ብዙም ሳይርቅ፣ በላይኛው 20 ሳንቲሜትር አፈር ውስጥ ሙሽሬ ሆኖ፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ገደማ ቆይቶ ጥንዚዛ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ሽታ እየተከተለ ኪሎ ሜትሮችን በርሮ ሌላ ቀፎ ይገባል።

ጥንዚዛው የአፍሪካ ተወላጅ ነው፤ ንቦቻችንም ከጥንት ጀምሮ ሲታገሉት ኖረዋል። ያሳድዱታል፣ ጥግ አስይዘው በፕሮፖሊስ ያጥሩታል፣ ዘብ ያቆሙበታል። እሱ ደግሞ የዘቧን አፍ በአንቴናው እየነካካ ምግብ ይለምናል፤ እሷም ንብ የለመናት መስሏት ታጎርሰዋለች። እንዲህ እየኖረ የዘቦቹን መድከም ይጠብቃል። ጠንካራ ህብረ ንብ አስሮ ያቆየዋል። የተራበው፣ ንግሥት ያጣው፣ ሞልቶ ሊጠብቀው የማይችል ሰፊ ዘመናዊ ቀፎ የተሰጠው ግን ይሸነፋል፤ ወይም ቤቱን ጥሎ ይኮበልላል።

እንዲህ መታገልን ያልለመዱ ንቦች የደረሰባቸውን ዓለም አይቷል። ጥንዚዛው እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ በ2002 በአውስትራሊያ፣ በ2014 በጣሊያን ካላብሪያ ተገኘ። በካላብሪያ ጥንዚዛው የተገኘባቸው የንብ ማነቢያዎች እንዲወገዱ ተደርጓል። እኛ ዘንድ ያ ሁሉ ያልደረሰው ንቦቻችን ስለታገሉልን ነው። ታዲያ እኛስ ለእነሱ ምን አደረግን?

የአንድ ሰው ጥንቃቄ አይበቃም። እኔ የእኔን ባጸዳ፣ ከአጥር ማዶ የተረሳ አንድ ደካማ ቀፎ መንደሩን በሙሉ የሚያዳርስ ጥንዚዛ ያፈልቃል። ደቦ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ለእርሻና ለአጨዳ የምንጠራራ ሰዎች ለንብ የማንጠራራበት ምክንያት የለም። ዛፍ ላይ ባህላዊ ቀፎ የሚሰቅሉ አባቶችም፣ ተደራጅተው በፍሬም ቀፎ የሚያነቡ ወጣቶችም አብረው ይውጡ። አቅመ ደካማ ጎረቤት ካለ የእሱ ቀፎ ይቅደም።

ስንወጣ ደካማውን ህብረ ንብ ጤናውን አይተን ከሌላው ጋር እናዋህደው፤ ባዶ ቀፎና አሮጌ እንጀራ እናንሳ፤ ስንጥቁን እንድፈን። ትል ካገኘን ድሩን እንይ፦ የሰም እራት ትል ድር ያደራል፣ የጥንዚዛው ትል አያደራም፣ ጀርባው ላይ ግን እሾህ መሳይ ነገር አለው። ንብ የማያስገባ፣ ጥንዚዛ የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው ዕቃ ውስጥ የምግብ ዘይት ጨምረን ቀፎው ውስጥ በወጥመድነት ብናስቀምጥ ጥንዚዛው ገብቶ ይሰጥማል። ፀረ ተባይ ግን ቀፎ ውስጥ ፈጽሞ አይረጭ፤ ንቧንም ይገድላል፣ ማሩንም ይመርዛል።

ከሁሉ አጥብቄ የምለምነው ስለ ማር ቆረጣ ነው። የተቆረጠ እንጀራ ቀፎ ሥር አንጣል፣ ማሩንም በእንጀራው ሳናቆይ ቶሎ እናጣራ፤ ቤት ያደረ እንጀራ ከንብ ጥበቃ ውጭ ስለሆነ ጥንዚዛው እንደልቡ ይራባበታል። በችግር ወቅት ሽሮና በሶ ስንመግብም ቶሎ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ እንስጥ፤ የተረፈው የጥንዚዛው ቀለብ ይሆናል።

የግብርና ባለሙያዎች፣ ከቢሮ ወጥታችሁ ደቦው ላይ ተገኙ። የማር ማኅበራት፣ የወጥመዱን ወጪ ሸፍኑ። እናንተ አናቢዎች ደግሞ በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ጉዳዩን አንስታችሁ ቀን ቁረጡ፤ በቀኑም ማጨሻችሁን ይዛችሁ ኑ።