መድኃኒቱ ነፃ ነው፤ መዋጡ ግን ዋጋ አለው

አንዲት እናት አውቃለሁ። ክኒኖቹ ሲንኮሻኮሹ ሰው ይሰማብኛል ብላ ስለምትፈራ፣ ገና ከጤና ጣቢያው ሳትርቅ በጨርቅ ትቋጥራቸውና ብልቃጡን ትጥለዋለች። ነፍሰ ጡር ሳለች አንድም ቀን አላለፋትም። ያቋረጠችው ከወለደች በኋላ ነው።

ምክንያቱን ስጠይቃት «ቤቱ መቼ ባዶ ሆኖ?» አለችኝ። አራስ ቤት ነው። እናቷ ከገጠር መጥተዋል፤ አማቷ አጠገቧ ያድራሉ፤ ጎረቤት ገንፎ ይዞ ይገባል። ምሽት ሁለት ሰዓት፣ የክኒኗ ሰዓት፣ ጠያቂ የሚበዛበት ሰዓት ነው።

ብዙዎቻችን መድኃኒት ማቋረጥን ከእናቲቱ ቸልተኝነት ጋር እናያይዘዋለን። እኔ በዚህ አልስማማም።

በአገራችን የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ማንኛዋም ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ቫይረሱ እንደተገኘባት ዕድሜ ልክ የሚቀጥለውን ሕክምና እንድትጀምር ተወሰነ። ውሳኔው ትክክል ነበር። ያለ ሕክምና ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ ሲሆን፣ በሕክምና ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ችግሩ ለቅድመ ወሊድ ክትትል ብላ የሄደች ሴት፣ ለባሏ ምን እንደምትነግረው ሳታስብ ክኒን ይዛ መመለሷ ነው።

በእርግዝና ወቅት «ለልጄ ስል» የሚለው ሐሳብ ያበረታታታል። ልጁ በሰላም ሲወለድ ግን ሥራው ያለቀ ይመስላታል። ቫይረሱ በጡት ወተትም እንደሚተላለፍ፣ መድኃኒቱም ለራሷ ሕይወት መሆኑን ደጋግሞ የሚነግራት ያስፈልጋል። የትራንስፖርት ወጪው፣ ለቀጠሮ ሲባል የሚቀረው የቀን ገቢ፣ የምግብ እጦቱም አለ። ጸበል ገብተው መድኃኒቱን የሚተዉም አሉ፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱ እንደማይጣሉ በይፋ መናገራቸውን ብዙዎች ዘንግተውታል።

በእኔ እምነት ቁልፉ ያለው ምስጢሩን የምታካፍለው አንድ ሰው ማግኘቷ ላይ ነው። በዚያው መንገድ ያለፉ እናቶች በየጤና ጣቢያው የሚሰጡት ምክርና ድጋፍም ለዚህ ይረዳል። እንዲህ ያለው አገልግሎት በውጭ ዕርዳታ ላይ ብቻ ሊቆም እንደማይገባ፣ አሜሪካ በጥር 2017 ዓ.ም. ዕርዳታዋን ባገደች ጊዜ ተምረናል።

እናቲቱ ቀጠሮ ስታሳልፍ «ለምን ቀረሽ?» ከማለታችን በፊት «ቤት ውስጥ ማን ያውቃል?» ብለን ብንጠይቅ፣ ትክክለኛውን መልስ የምናገኝ ይመስለኛል።